የእንግሊዝ ጦር ሬዲዮዎች በኢትዮጵያ፤ ስለ አሰባሰባቸውና ስለ ጥገናቸው

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር፤ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ)



በኢትዮጵያ የሬዲዮ ታሪክ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው በ1927 ዓ.ም. አቃቂ ላይ ሥራውን የጀመረው ጣቢያ ነው። ተገቢም ነው፤ ድምፁን ሕዝብ ሰምቶታልና። የጦር ሬዲዮ ግን ለሕዝብ ጆሮ የተሠራ አልነበረም። ዘፈን አላሰማም፤ ዜና አላነበበም። ከአንድ ምሽግ ወደ ሌላው፣ ከመኪና ወደ መኪና፣ ከበቅሎ ጭነት ወርዶም ከጎጃም ተራራ እስከ ካርቱም አጭር ቃል ሲያመላልስ ኖሮ ጦርነቱ ሲያበቃ መጋዘን ገባ። ከመጋዘን የወጣውም ብዙውን ጊዜ የወጣው በኪሎ ተመዝኖ ለመሸጥ ነው። ከዚህም የተነሣ በ1933 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው ጠመንጃና መድፍ ሲታወስ ሬዲዮው ተረስቷል።

ስለዚህ ስለ ተረሳው ሣጥን ለመናገር ነቀምቴ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ወለጋ በዚያ ዘመን ሁለት ጊዜ የጦርነቱ ዳር ሆና ነበር፤ በመጀመሪያ በ1928 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1933 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ለነቀምቴ ሰው መተረክ ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት ቦናያ ላይ ያረፉት 3 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በወጡ ወጣቶች ተከበው ተቃጠሉ፤ ጄኔራል ማልዮኮና እውቁ አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር እዚያው ሞቱ፤ አባ ቦሬሎ የተባሉት ቄስ ግን በሕይወት ተረፉ። ከዚያ ዘመን የቀረው የአውሮፕላን ስብርባሪ ብረት በወለጋ ሙዚየም ለጎብኚ ይታያል። ያ ብረት ለዛሬው ርእስ ትምህርት አለው። ማንም ጤናማ ሰው የተቃጠለውን አውሮፕላን ልጠግነውና ላብርረው አይልም፤ ቃጠሎው ራሱ ታሪኩ ነውና። ሬዲዮ ላይ ሲደረስ ግን ይኸው ሰው ክዳኑን ከፍቶ፣ ሽቦውን ቆርጦ፣ ቀለሙን ፍቆ ሊያናግረው ይሞክራል። የቱ ነው ትክክሉ? ሰብሳቢዎችን ሁሉ የሚያከራክረው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ወደ ኋላ ይመለሱበታል፤ አስቀድሞ ግን ሣጥኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዘመቻ እንዲህ ነበር። ኮሎኔል ሳንፎርድ የመሩት የ101ኛው ተልእኮ ጓድ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጎጃም ሲሻገር ሬዲዮውን በበቅሎ ጭኖ ነበር፤ በጎጃም አርበኞችና በካርቱም መካከል የነበረው ፈጣን መገናኛ በዚያ ጭነት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። በምዕራብ ግን ጦርነቱ አላለቀም። ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር በመጋቢት ወር አሶሳንና ጋምቤላን ያዘ፤ ጂማ በሰኔ 14 ቀን ተለቀቀች፤ ጄኔራል ጋዜራ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ሳዮ ላይ፣ ማለት በዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ ለቤልጅጉ ጄኔራል ጂሊያርት እጃቸውን ሰጡ። ወሩን ልብ ማለት ይገባል፤ ሰኔ ነው። የወለጋን ክረምት የሚያውቅ ሁሉ በዚያ ወር ዴዴሳ ምን እንደሚመስል፣ መንገዱም ምን እንደሚሆን አይጠፋውም። መኪና በጭቃ ተይዞ በቆመበት፣ ድልድይ በፈረሰበት፣ የስልክ ሽቦ በተቆረጠበት ስፍራ ሁሉ ቃል የሚሻገረው በአየር ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ጦር የሚገለገልባቸው ሬዲዮዎች በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠሩ ነበር። ባለ 9 ቁጥሩ በመኪና የሚጫን ሲሆን ከ1.875 እስከ 5 ሜጋኸርትዝ ይሠራል። ባለ 11 ቁጥሩ አነስ ያለ ነው፤ ከ4.2 እስከ 7.5 ይደርሳል። ባለ 18 ቁጥሩን አንድ ወታደር በጀርባው ይሸከመዋል፤ ከ6 እስከ 9 ሜጋኸርትዝ ሲሠራ በንግግር የሚደርሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እነዚህ የሞገድ ክልሎች በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። ከ2 እስከ 8 ሜጋኸርትዝ ባለው ክልል የተላከ ሞገድ አንቴናው ዝቅ ብሎ ሲዘረጋ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ በላይኛው አየር ተንጸባርቆ፣ ከተራራው ባሻገር ወዳለው ሸለቆ ይወርዳል። ቱሉ ወለል ቢጋርደው፣ የዴዴሳ ገደል ቢያቋርጠው አይጨነቅም። ዛሬ ከነቀምቴ ጊምቢ በእጅ ስልክ የሚነጋገር ሰው ይህን ለማድረግ በየኮረብታው ላይ ስንት የብረት ምሰሶ እንደ ቆመለት ቢቆጥር፣ የዚያን ጊዜው መሐንዲስ አንድም ምሰሶ ሳይተክል ያደረገውን ያደንቃል።

በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉ የበለጠ የታወቀው ግን ባለ 19 ቁጥሩ ነው። የእንግሊዙ የፓይ ኩባንያ ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ሥራ ላይ የዋለ፣ በመጀመሪያ ለታንክ የታሰበ መሣሪያ ነው። በአንድ ሣጥን ውስጥ ሦስት ሥራ ይዟል፤ «ሀ» ክፍሉ ከ2 እስከ 8 ሜጋኸርትዝ ለሩቅ ግንኙነት፣ «ለ» ክፍሉ በ235 ሜጋኸርትዝ አካባቢ በቅርብ ላሉ ታንኮች፣ ሦስተኛው ክፍል በዚያው ታንክ ውስጥ ላሉት ሰዎች የእርስ በርስ መነጋገሪያ። በእንግሊዝ ብቻ ሳይሆን በካናዳና በአሜሪካም በብዛት ተሠርቷል። ካናዳ ውስጥ ኖርዘርን ኤሌክትሪክ፣ አርሲኤ ቪክተርና ካናዲያን ማርኮኒ ሠርተውታል፤ ለሶቪየት ኅብረት እርዳታ እንዲሆን ታስቦ ፊቱ ላይ ጽሕፈቱ በእንግሊዝኛና በሩሲያኛ የታተመበትም አለ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለ 19 ቁጥር ያገኘ ሰው ሁሉ «ይህ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በኦሜድላ የገባው ነው» ማለት ይወዳል። ዘመኑ ግን አይፈቅድለትም። መሣሪያው ከፋብሪካ መውጣት ሲጀምር የምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ እያለቀ ነበር፤ ማርክ 2 እና ማርክ 3 የተባሉት ደግሞ የኋላ ልጆች ናቸው። በኢትዮጵያ የተገኘ ባለ 19 ቁጥር ማርክ 3 ቢኖር የሚያስኬደው መንገድ ሌላ ነው። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት መሠረት የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን አዲሱን የኢትዮጵያ ጦር ሲያሠለጥን እስከ 1943 ዓ.ም. ቆይቷል። የዚያን ዘመን እንግሊዝ ሠራሽ ዕቃ በቅድሚያ መያያዝ ያለበት ከዚህ ሚሲዮን ጋር ነው። በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ዘምቶ በአሜሪካ መሣሪያ ተዋጋ፤ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የጦር እርዳታ ስምምነት ተፈረመ፤ ከዚያ ወዲህ የእንግሊዙ ሬዲዮ ቦታውን እየለቀቀ ሄደ። በሩሲያኛ የተጻፈበት ሣጥን ቢገኝም ከ1969 ዓ.ም. በኋላ በመርከብ የመጣ የሶቪየት ዕቃ ነው ብሎ ለመፍረድ መቸኮል አያስፈልግም፤ ሞንትሪያል ላይ የተሠራ ሊሆን ይችላልና።

የመሣሪያው ዘመድና ትውልድ የሚታወቀው ከወሬ ሳይሆን ከሰውነቱ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት የሆነ ዕቃ የቀስት ምልክት አለበት፤ የካናዳው ቀስት በላቲኑ ሲ ፊደል ውስጥ ተቀምጧል። በትንሹ የብረት ሰሌዳ ላይ የፋብሪካው ስም፣ ማርኩና ተከታታይ ቁጥሩ፣ እንዲሁም በላቲን ፊደል ዜድኤ ብሎ የሚጀምር የግምጃ ቤት መለያ ይገኛል። ከውስጥ በቀለም የተመቱ ትንንሽ የምርመራ ማኅተሞች አሉ። እንግዲህ አላዋቂው ሰብሳቢ በመጀመሪያው ቀን የሚፍቀው ይህንኑ ነው፤ ሣጥኑን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ፣ «እንደ አዲስ አደረግሁት» ይላል። እንደ አዲስ አደረገው፤ የማን እንደ ነበረ ግን አጠፋው።

ጠላቱ ግን አላዋቂ ሰብሳቢ ብቻ አይደለም። ቆራሌው በየመንደሩ ሲዞር በሣጥኑ ውስጥ ያለውን መዳብ በክብደቱ ያውቀዋል። ትራንስፎርመሩና ዲናሞው መዳብ ነው፤ ሻንሲው አሉሚንየም ወይም ብረት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የደረሰ አሮጌ ብረት ምድጃ ወይም የመሣሪያ ሣጥን ሆኖ ይወጣል፤ ያንን ሥራ መንቀፍ አይገባም፤ ብዙ ቤተሰብ እንጀራ ይበላበታል። ነገር ግን ለአንድ ኪሎ መዳብ ዋጋ የጠፋውን ሰሌዳ በብዙ እጥፍ ዋጋ መልሶ ማግኘት አይቻልም። በእንግሊዝ አገርም ቢሆን ይኸው ደርሷል። ከጦርነቱ በኋላ በለንደን ሊስል ስትሪት ሱቆች የጦር ትርፍ ዕቃ በርካሽ ሲቸበቸብ፣ አር 1155 የተባለውን የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተቀባይ ብዙ ወጣቶች እየገዙ ለቤት ሬዲዮ እንዲሆን ቆራረጡት፤ ዛሬ ያልተነካ አር 1155 የሚፈልጉ ሰብሳቢዎች ያንን ዘመን በቁጭት ያነሡታል።

አሁን ወደ ጥገናው። የመጀመሪያው ሕግ አንድ ነው፤ የተገኘ ቀን ኤሌክትሪክ አይሰጠውም። በየጋራዡ «እስኪ ይሞከር» ማለት ልማድ ነው፤ ሰማንያ ዓመት በተኛ ሬዲዮ ላይ ግን ያ አንድ ቃል ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩት የወረቀት ኮንደንሰሮች እርጥበት ይስባሉ፤ እርጥበት የሳበ ኮንደንሰር ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ ማገድ ሲገባው ያሳልፋል። በተለይ ከአንዱ ቫልቭ ወደ ሚቀጥለው ድምፁን የሚያሻግረው ኮንደንሰር ካፈሰሰ የመውጫው ቫልቭ ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ ቫልቩ ይግላል፣ ከዚያ ትራንስፎርመሩ ይከተላል። ነቀምቴ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። እንግሊዞች ራሳቸው በጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት በሩቅ ምሥራቅ ጫካ ውስጥ መሣሪያቸው እየሻገተ ቢያስቸግራቸው በቫርኒሽ የተለበጠ ለሐሩር አገር የሚሆን ዓይነት ለመሥራት ተገደዋል። የቀድሞው ግን ያ ልብስ የለውም።

ስለዚህ ሣጥኑ በመጀመሪያ ይደርቃል። ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት አነስተኛ አምፑል አጠገቡ ተለኩሳ፣ ለብዙ ቀን ይቀመጣል። ከዚያም ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከላይ፣ ከሥር፣ ከየጎኑ፤ ሽቦ ከመነካቱ በፊት። ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ አቧራው፣ የሸረሪት ድሩና የአይጥ ጎጆው ይወጣል፤ የአይጥ ሽንት አሉሚንየምን ስለሚበላ ይህ የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ሁለት አደጋዎች አሉ። አንዳንድ የዘመኑ ቆጣሪዎችና ማዞሪያዎች በጨለማ እንዲያበሩ በራዲየም ቀለም የተቀቡ ናቸው። ብርሃናቸው ዛሬ ቢጠፋም ራዲየሙ አልጠፋም፤ ግማሹ ለማለቅ 1600 ዓመት ይፈልጋል። እንዲህ ያለ መስተዋት አይከፈትም፣ ቀለሙም አይፋቅም። ሁለተኛው፣ በሴሌንየም የተሠራ የኤሌክትሪክ ማቅኛ ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ መርዝ ነው፤ ወዲያው ክፍሉን መልቀቅ ነው።

ከዚህ በኋላ ልኬት ይመጣል። የካርቦን ሬዚስተሮች በዕድሜ ብዛት ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ 100 ሺሕ ኦም ተብሎ የተጻፈበት 150 ሺሕ ሆኖ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ባለ 19 ቁጥሮች ውስጥ ያለው በጎማ የተለበጠ ሽቦ ሲነካ እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል፤ ይህን ዓይነቱን ሽቦ ሳይለውጡ መሣሪያውን ማስነሣት ከእሳት ጋር መጫወት ነው። ኤሌክትሮሊቲክ ኮንደንሰሮች አንዳንዴ ይድናሉ፤ በትልቅ ሬዚስተር በኩል ከትንሽ ቮልት ጀምሮ ቀስ በቀስ፣ በሰዓታት ውስጥ፣ ኃይል ሲሰጣቸው ውስጣዊ ሽፋናቸው መልሶ ይበቅላል። የወረቀቶቹ ግን መዳን የላቸውም። ጨዋ ጠጋኝ የወረቀቱን ኮንደንሰር ቀፎ አይጥልም፤ ሆዱን ባዶ አድርጎ በውስጡ አዲስና ትንሽ ኮንደንሰር ይከትበትና በሰም ይዘጋዋል። ከውጭ የሚያየው ሰው እ.ኤ.አ. የ1942ን ፊት ያያል፤ ከውስጥ ግን የዛሬ ልብ ይመታል። አንዳንዶች ይህን ማታለል ነው ይላሉ። ማታለል የሚሆነው ካልተጻፈ ነው፤ በመዝገብ ላይ «ይህን ያህል ኮንደንሰር በዚህ ቀን ተለውጧል» ተብሎ ከሰፈረ፣ አሮጌው ዕቃም በከረጢት ታስሮ ከሣጥኑ ጋር ከተቀመጠ ማንም አልተታለለም።

ስለ ኃይል ምንጩ ጥቂት መባል አለበት። ባለ 19 ቁጥሩ ከ12 ቮልት ባትሪ ተነሥቶ በሚሽከረከር ዲናሞ አማካይነት ወደ 275 እና ወደ 500 ቮልት ያወጣል። የዲናሞው ቅባት ደርቆ እንደ ሰም ስለሚሆን ተፈትቶ ይጸዳል፣ ካርቦኑ ይታያል፣ በአዲስ ቅባት ይገጠማል። 500 ቮልት ሰው ይገድላል፤ መሣሪያው ከጠፋ በኋላም ኮንደንሰሮቹ ኃይሉን ይዘው ስለሚቆዩ በሬዚስተር እስኪፈስ ድረስ እጅ አይገባም። አር 107 የተባለው ከባድ ተቀባይ፣ ክብደቱ ከ40 ኪሎ የሚበልጥ፣ ከ1.2 እስከ 17.5 ሜጋኸርትዝ የሚሰማ፣ ለዚህ አገር ሰው በጣም የሚመች ነው፤ ከቤት መብራት ኃይልም ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪም ይሠራል፤ ድምፅ ማጉያውም በሆዱ ውስጥ ነው። በመብራት ሲሞከር 60 ዋት አምፑል በተከታታይ ይገጠምለታል። አምፑሉ ደማቅ ሆኖ ከበራ በሬዲዮው ውስጥ የተገናኘ ሽቦ አለና ወዲያው ይጠፋል፤ ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ደግሞ ተስፋ አለ።

ቫልቮቹ የሚያስፈራሩትን ያህል አያስቸግሩም። የባለ 19 ቁጥሩ የላኪ ቫልቭ 807 የተባለው ነው፤ ሶቪየቶች ጂ-807 እያሉ ሠርተውታል፤ 6ኬ7 የተባለውንም እንዲሁ። የተለያዩ አገሮች አንድ ዓይነት ቫልቭ መጋራታቸው ለዛሬው ጠጋኝ በረከት ሆኗል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ገመዱ፣ የጆሮ ማዳመጫውና የእጅ ማይክሮፎኑ። ሣጥኑ ሲገኝ እነዚህ ብዙ ጊዜ አብረውት አይገኙም፤ ያለ እነርሱ ደግሞ የተጠገነው መሣሪያ ዲዳ ነው። ሰብሳቢ ሁሉ ሣጥን ሲፈልግ ገመድ መፈለግ ያለበት ለዚህ ነው።

ቀደም ሲል ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ ቢባል መልሱ ለሁሉም አንድ አይሆንም። ታሪኩ የታወቀ፣ ሰሌዳውና ማኅተሙ ያልተነካ፣ ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ውጊያ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ቢገኝ እንደ ቦናያው ብረት ነው፤ ይደርቃል፣ ይጸዳል፣ በመስተዋት ውስጥ ይቀመጣል፤ ካውያ አይነካውም። ማንነቱ የጠፋ፣ ሰሌዳው የተነቀለ፣ ከግማሽ በላይ የተበላሸ ሣጥን ግን ዝም ብሎ ቢቀመጥ የሚናገረው የለውም፤ እርሱ ይጠገን፣ ይናገር። ወጣት ተማሪ የመስተዋቱን ሬዲዮ አይቶ ያልፋል፤ የሚናገረውን ሬዲዮ ግን ማዞሪያውን በእጁ ይዞ፣ ቫልቮቹ እስኪግሉ ጠብቆ፣ ጫጫታው ሲነሣ ሰምቶ ይረዳዋል። ለአንድ ሙዚየም ሁለቱም ቢኖሩት መልካም ነው።

መናገር ሲባል ማሰማት እንጂ መላክ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ሞገዱ የጦሩ ነበር፤ ዛሬ የሕዝብ ሀብት ሆኖ በፈቃድ ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው ጉዳይ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ላኪውን በአንቴና ማስነሣት ወንጀል ያስከትላል። ላኪውን ለመፈተን አንቴና አያስፈልግም፤ አንድ ተራ አምፑል በመውጫው ላይ ሲገጠም ኃይሉ ወደ ብርሃን ተለውጦ እዚያው ይቀራል። በአየር ላይ ማውጣት የሚሻ ባለሙያ መንገዱ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ነው፤ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ተቋሙ ግቢ የሚገኘው የማኅበሩ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ በሚል መጥሪያ የታወቀው፣ ለዚህ የመጀመሪያ ደጅ ነው። እንዲሁም አንድ መሣሪያ በሕግ ቅርስ ሊባል የሚችል ከሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ይመለከተዋል፤ ከአገር ማውጣት በፈቃድ ብቻ ነው።

የቀረው የሰው ጉዳይ ነው። የእንግሊዝ ሚሲዮን ሲወጣ 20 ዓመት የነበረ ወጣት የሬዲዮ ሠራተኛ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ከ90 ዓመት በላይ ነው። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን በወለጋም በሸዋም ይኖራሉ፤ በየቤቱ ሣጥን ሥር የሞርስ ልምምድ የተጻፈበት ደብተር፣ የሥልጠና ወረቀት፣ በጥቁርና ነጭ የተነሣ ፎቶግራፍ ሊገኝ ይችላል። በፎቶግራፉ ውስጥ ወታደሩ ተቀምጦ፣ ማዳመጫውን በጆሮው አድርጎ፣ ከፊቱ የመሣሪያው ፊት ገጽ ሲታይ፣ የማዞሪያዎቹን ቁጥርና አቀማመጥ የቆጠረ ባለሙያ ባለ 11 ቁጥር ይሁን ባለ 19 ቁጥር፣ ማርክ 2 ይሁን ማርክ 3 ለይቶ ማወቅ ይችላል። ፎቶግራፉ ከጀርባው ቀን ከተጻፈበት ያ ቀን ለሰውየውም ለመሣሪያውም ይሆናል። እንግዲህ ከአባላቱ መካከል በየወረዳው የሚሠራ ሁሉ ስለ ሣጥን ሲጠይቅ አብሮ ስለ ፎቶግራፍ ይጠይቅ፤ ሲያገኝም ወስዶ ሳይሆን ቅጂውን አንሥቶ፣ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቆ፣ የፊቱንም የጀርባውንም።